ባሕር ሸሽ ያየህ

ያየህን የወረታ ሰው የሚያውቀው በድካሙና በቅጽል ስሙ ነው። ድካሙ ከሩቅ ይታያል። ጧት ከሩዝ መፈልፈያው የጥበቃ ሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ በትከሻው የማይታይ እንስራ የተሸከመ፣ ውሃው እንዳይፈስበትም የሚጠነቀቅ ሰው ይመስላል። የሩዝ ገለባ ብናኝ ሽበቱ ላይ ያርፋል፤ እሱም አያራግፈውም፣ ነገም ያው ነው ብሎ። ቅጽል ስሙ ደግሞ «ባሕር ሸሽ» ነው።

ለፎገራ ሰው ባሕር ሸሽ ማለት መሬት ነው። ክረምት ጣናን ይሞላዋል፤ ጣናም ሜዳውን ይለብሰዋል። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ቀስ እያለ፣ እንደ ተከፋ እንግዳ ሳይሰናበት፣ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። ለቆት የሚሄደውን ጥቁር ጭቃ ነው ባሕር ሸሽ የምንለው። ገበሬው ውሃውን በእግር በእግሩ እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ባሕሩ የሸሸው መሬት ማለት ነው እንግዲህ። ስሙን ግን ለሰው ስታወጣው ይገለበጣል፤ ባሕሩን የሸሸ ሰው ይሆናል። ቋንቋችን አንዳንዴ እንዲህ ነው። ሸሺውንና የተሸሸውን ባንድ ቃል አስሮ ያስቀምጥና ፍርዱን ለሰሚው ይተወዋል።

ስሙን ያወጣለት በላቸው ነው፤ በተወለደባት የጣና ዳር ቀበሌ፣ ናበጋ ላይ፣ አብሮት ከብት የጠበቀ፣ አፉ ከእግሩ የሚቀድም ሰው። ያየህ ጢም ሳያበቅል ባሕር ኃይል ገብቶ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ፣ በቅኝት ጀልባ፣ የራዳር ተመልካች ሆኖ ኖረ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ መርከቦቹ ባሕሩን አቋርጠው የመን ሲገቡ እሱም በላያቸው ነበረ። ብዙ ዓመት ተንከራትቶ ሲመለስ የአባቱ መሬት ተደልድሎ አልቋል። የአገሩ ሽማግሎች አዝነውለት ከባሕር ሸሹ ጫፍ፣ ከውሃው አፍ ላይ፣ ማንም የማይሻማበትን ጭቃ ሰጡት። ያኔ በላቸው በሰው መካከል ብድግ ብሎ «ምን ያስደንቃል? ለባሕር ሸሽ ባሕር ሸሽ ይገባዋል!» አለ። ሰው ሳቀ። ያየህም ሳቀ። ሳቁ እዚያው አለቀ፣ ስሙ ግን ቤት ድረስ ተከተለው።

አንድ ጊዜ ለሚስቱ ለአልጣሽ ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር።

«እኔ አልሸሸሁም። መርከብ ላይ ያለ ሰው አይሸሽም። መርከቡ በሄደበት ይሄዳል እንጂ።»

«እኔም ትዳር ላይ ነኝ» አለችው አልጣሽ፣ ሽሮውን እያማሰለች። «እግር ግን አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣውም። ሆኖም አንድ ነገር በውስጡ ነበር፤ በዚህ ስም መሞት አልፈለገም። ስሙን የሚያወርድለት ደግሞ ሙግት እንዳልሆነ ያውቃል። አንዲት ቀን እንኳ ብትሆን፣ በእግሩ ሄዶ፣ ወዶና ፈቅዶ፣ ወደ ውሃው መመለስ ነበረበት። ግን በምን ምክንያት? ሽማግሌ ያለ ምክንያት ወደ ውሃ ከሄደ አብዷል ነው የሚባል።

ምክንያቱ በኅዳር መጀመሪያ በራሷ እግር መጣች። የባሕር ኃይል ነጭ ልብስ የለበሰች ወጣት ሌተናንት ከመፈልፈያው በር ቆመች። ስሟ ሰገን ነው፤ የሐሙሲት ከተማ ልጅ ናት።

«አያ ያየህ እርስዎ ነዎት?»

«መሰለኝ።»

«ቀድሞ ባሕር ኃይል የነበሩት?»

«ቀድሞ ያልሆንሁት ነገር የለም። አሁን ሩዝ ነው የምጠብቅ።»

አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ገለባው ነጭ ልብሷን እንደሚያበላሸው እያየች ተቀመጠች፤ ይህን ልብ አለላት። ከስልኳ ላይ የጀልባ ሥዕል አሳየችው። ግራጫ፣ አጭር፣ ሹል አፍንጫ ያላት፤ ምሰሶዋ ላይ የሚሽከረከር ነገርና እንደ ጉጉት ዓይን የሚያፈጥ ካሜራ የተተከለባት።

«በጨለማ እንደ ቀን ታያለች» አለችው። «አደረጃጀቱም ተለውጧል፤ እንደ ዱሮው አይደለም። በእናንተ ጊዜ ኩራቱ ትልቅ መርከብ ነበር። ያው መርከብ ያያል፣ ያው መርከብ ያባርራል፣ ያው ሰው ያለ እንቅልፍ ያድራል። አሁን ጀልባዎቹ ትናንሽና ፈጣን ናቸው፤ ሰዉንም በሦስት ከፍለነዋል። አንዱ ያያል፤ አንዱ ይሄዳል፤ አንዱ ያርፋል።»

«የሚያርፍ ክፍል አለ?»

«አለ እንጂ።»

ያየህ ከስልኩ ቀና አለ። «በእኛ ጊዜ የሚያርፍ የሞተ ነበር» አለ። ቀጥሎም «ባሕሩስ የት አለና?» ብሎ ጠየቃት፤ ለክፋት አልነበረም።

«እሱ የበላዮች ጉዳይ ነው። የኔ ጉዳይ ሠልጣኞቹ ናቸው። እስከዚያ ጣና ላይ እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን። ያየህ ቃሏን በአፉ ውስጥ አገላበጣት። እኛ ዘንድ ዘብ የቆመም ይጠብቃል፤ የራቀውን ሰው ናፍቆ ደጅ ደጁን የሚያይም ይጠብቃል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቋል፤ የትኛው ጥበቃ እንደነበረ ግን ለይቶ አያውቀውም።

«ከእኔ ምን ትሺ? ይህን ማሽን አላውቀውም።»

«ማሽኑንማ ልጆቹ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ ያውቁታል። እኔን የቸገረኝ ባዶ ስክሪን ነው። ይቀመጣሉ፣ ምንም የለም። ነገም ምንም የለም። እየቆየ ዓይናቸው እያየ ልባቸው ይሄዳል። ያኔ የሚያልፍ ነገር ቢያልፍም አያዩትም። ምንም የሌለበትን ሲያይ የኖረ ሰው አብሯቸው እንዲቀመጥ ፈልጌ ነው። እስከ ጥምቀት ድረስ፣ ባሕር ዳር። እንዴት እንደሚቻል እንዲነግሩልኝ።»

«አይቻልም» አለ ያየህ።

«እሱንም ቢሆን መጥተው ይንገሩልኝ።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀ እንጃ። ነገር ግን ወዲያው ፊቱ ተመለሰ። «መምጣትስ እመጣ ነበር። ገመድ አለብኝ።»

«የመርከብ ገመድ?»

«የመሬት ገመድ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዳርቻ ባሕር ሸሹ በየዓመቱ እንደገና ይለካል፤ ውሃው የሚተወው መሬት አንድ ዓመት ሰፊ፣ አንድ ዓመት ጠባብ ነውና። ከደረቁ በኩል ከጥንት የተተከለ የወይራ ችካል አለ። ረጅም የቃጫ ገመድ ከችካሉ ታስሮ እስከ ውሃው አፍ ይዘረጋል፤ ባለድርሻዎቹ በተርታ ቆመው እያንዳንዱ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል። ይህንን ነው ገመድ መጣል የሚሉት። ካህኑ ቄስ ማሩ ተርታውን አይተው እስኪባርኩ ድረስ ገመድ የለቀቀ ዓመቱን ለቀቀ። ያልመጣም እንዲሁ። በሰው፣ ማለት በወኪል፣ ገመድ መያዝ የለም፤ ወንድም ለወንድም ካልሆነ፣ መበለት ደግሞ ለሟች ባሏ። ያየህ ወንድም የለውም። የጥበቃው ደሞዝ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ የዓመቱ ጓያና ሽምብራ ከዚያ ጭቃ ነው የሚገኝ። እስከ ጥምቀት ባሕር ዳር የሚቀመጥ ሰው ገመዱንም ዘሩንም አጣ ማለት ነው።

ሰገን አልተከራከረችም። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት በቅኝት ልምምድ ወደ እናንተ ዳርቻ ብቅ እንላለን» ብላ ተነሣች። «ሐሳብዎን ከለወጡ ከዚያው ይዘንዎት እንሄዳለን።»

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ገመዱ የሚጣልበት ቀን ነበር።

ያን ቀን ማታ ለአልጣሽ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«አንቺ ብትይዥውስ?» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ገመድ ይዤ ልቁም? በሕይወት እያለህ መበለት ነኝ ልበል?» አለችው። «የመን ላይ ሞተ ሲሉህ እኮ እናትህን ሰው ሁሉ አልቅሺ አላት። አላለቀሰችም። እኔ ደግሞ በሣጥን ያለ ነጠላዬን ላጠቁርልህ!»

«ይቅር በቃ። ደክሞኛልም።»

«አሁንስ ደክሞኛል አትበል። ሰው ሲደክመው ይተኛል። አንተ የሚደክምህ የማትሄድበት መንገድ ነው።»

ኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ ውለው፣ በማግስቱ ሁለቱም በጋሪ ወደ ናበጋ ወረዱ። ሜዳው የታጨደ ሩዝ ቆረን ብቻ ነው፤ ሰማዩ ነጣ ያለ፣ ውሃው ነጣ ያለ፣ የት እንደሚገናኙ የማይታወቅ። በዳርቻው እንቦጩ አረንጓዴ ቁርበት መስሎ ተነጥፏል። ተርታው ቆሟል። ያየህ እንደ ወትሮው የመጨረሻው ነው፤ ቋጠሮውን ይዞ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀጥሎት ከደረቁ በኩል በላቸው አለ።

«እንዴት ሰነበትህ፣ ባሕር ሸሽ!»

«እግዜር ይመስገን።»

«ሴት መኮንን ትፈልግሃለች አሉ። ምን ልታደርግህ? ሽሽት ልታስተምርላት?» ወዲያና ወዲህ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የእሱ ዝቅታ እስከ ችካሉ ይሰማል። «ይልቅ ወሬ ልንገርህ። ለዚህ ለቅኝት ጀልባቸው ማረፊያ ሊሠሩ ነው፤ የት መሰለህ? እዚችው ላይ! ባሕር ሸሹን ሊወስዱት ነው።»

«ማን አለህ?»

«ሰው።»

«የቱ ሰው?»

«እኔ ሰው አይደለሁም?» አለ በላቸው። ተርታው ሳቀ፤ ሆኖም የሣቀው ሁሉ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ያየህ ይህን አየ።

ቄስ ማሩ ከችካሉ በኩል ተርታውን መቁጠር እንደጀመሩ ነው ጀልባዋ የታየችው። እንደ ሥዕሏ ግራጫ፣ እንደ ሥዕሏ ሹል። መጀመሪያ ፈጥና መጣች፤ ከዚያ ከእንቦጩ ጥግ ስትደርስ ድምፅዋ ታነቀ፣ ሳል ነገር አለችና ዝም አለች። ያየህ ገባው። የእንቦጩ ሥር ውሃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተሩ መቅዘፊያ ላይ ተጠምጥሟል። ነፋሱ ደግሞ ከጎን ነበረ፤ ጀልባዋን ጎኗን ይዞ ወደ ወፍራሙ እንቦጭ ይገፋታል። እዚያ ከገባች በአንድ ቀንም አትወጣ። የምትያዝበት ነገር ቢኖር አንድ ሰው ወርዶ ሥሩን ይቆርጠው ነበር።

ከጀልባዋ በድምፅ ማጉያ አንድ የመሐል አገር ሰው ጮኸ፦

«ገመድ ጣሉ! ዳር ያላችሁ! ገመድ ጣሉ!»

የመርከብ ሰው ገመድ ጣሉ ካለ ወርውሩልን ማለቱ ነው። የናበጋ ሰው ግን ይህንን አልሰማም። የናበጋ ሰው የሰማው ከመንግሥት ጀልባ ላይ በብረት አፍ የወጣ ትእዛዝ ነው፦ የያዛችሁትን ገመድ ጣሉ፤ መሬቱን ልቀቁ። በላቸው «አላልኋችሁም?» አለና ቋጠሮውን እንደ ትኩስ ፍም ጣለው። ከዚያ ሮጠ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሮጠ፤ ከዚያም ተርታው በሙሉ ከውሃው ወደ ደረቁ ተፈታ። በዚያ ጭቃ ሲሮጡ አንዱ ጫማውን ተወ፤ አንዱ ነጠላውን። ቄስ ማሩ እንኳ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በፈጣን እርምጃ ከሩዙ ቆረን መሐል ገቡ፤ እሳቸው ኋላ ሲጠየቁ አልሮጥሁም ብለዋል።

ያየህ ቆሞ ቀረ። ኋላ ሰዎች ጀግንነት ነው ብለው ሊያወሩት ሞክረዋል። እኔ ግን የራሱን ቃል ነው የማምነው። «ደክሞኝ ነው ያልሸሸሁ» ነው ያለው። አንድ ጊዜ ሕይወቱን ይዞ የሸሸ ሰው፣ ወይም ሸሸ የተባለ፣ ለሁለተኛው የሚሆን እግር አይኖረውም።

ደግሞም እሱ ብቻ ነበር ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ የሚያውቀው።

ገመዱ ከችካሉ እስከ እጁ ተዘርግቷል። እሱ እስከያዘው ድረስ ገመዱ አልተለቀቀም፤ የያዘውም እሱ ብቻ ስለሆነ እንደ ደንቡ ዳርቻው በሙሉ የእሱ ነበር። ከውሃው አፍ እስከ ወይራው ችካል ድረስ፣ የበላቸውም ጭምር። ከወረወረው ግን የራሱንም ያጣል። ይህንን ሁሉ አሰበው፤ ሐሳቡ ግን ረጅም አልነበረም። እንቦጩ እየቀረበ ነው። አንዲት በነጭ ልብስ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ ቆማ ወደ እሱ ታያለች፤ አልጮኸችም፤ አልጠራችውምም።

ድንጋይ ፈለገ፤ ፎገራ ድንጋይ የለም። ሰፊ ዓመት ሲመጣ ይዘረጋ ተብሎ ከቋጠሮው ወዲያ የተጠቀለለ ትርፍ ገመድ አለ፤ ዱላውን ከጫፉ አሰረ። እጁ አስተሳሰሩን አልረሳውም፤ ትከሻው ግን ረስቶታል። የመጀመሪያው ውርወራ ከእንቦጩ ላይ ወድቆ ቀረ። «እናቴ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ዱላውን በገመዱ ስቦ መልሶ፣ እስከ ወገቡ ወደ ውሃው ገባና ደግሞ ወረወረ። ጀልባዋ ላይ የነበረ ሠልጣኝ ዱላውን ቀለበው። ገመዱ ከወይራው ችካል እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ተወጠረ፤ ችካሉም ዘንበል አለና፣ አሰበበት ይመስል፣ ጸና። ጀልባዋ ቆመች።

አንዱ ሠልጣኝ ቢላ ይዞ ወርዶ ሥሩን እስኪቆርጥ ያየህ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ነበር። ዞር ሲል አልጣሽ ከኋላው ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። የተወጠረውን ገመድ በሁለት እጇ ይዛለች። ለጀልባዋ የሚጨምረው ነገር አልነበረም።

«መበለት ሆንሽ?» አላት።

«ዝም በል። እየረዳሁህ ነው።»

ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰ። መጀመሪያ አፍሮ፣ ከዚያ እየተቆጣ፣ ከዚያ እየሳቀ። ቄስ ማሩ ከወይራው ችካል አጠገብ ቆመው ፍርድ ሰጡ።

«ሁሉም ለቋል። ሁሉም ከለቀቀ ማንም አልለቀቀም። ገመዱ ነገ እንደገና ይጣላል።»

«ያየህስ አባ?» አለ አንዱ። «እኛ ደንግጠን ነው። እሱ ግን እያወቀ ነው የወረወረው።»

«እሱም ነገ ይምጣ፤ ይያዝ።»

ሞተሩ ተነሣ። ሰገን ከጠርዙ ላይ ሆና በእጇ ጠራችው፤ «እንውሰድዎ?» የሚል እጅ ነው። ያየህ ወደ ጀልባዋ አየ፣ ወደ ቋጠሮዎቹ አየ። ነገ ገመዱ ይጣላል። ነገ እዚህ መቆም አለበት። እንግዲህ ያው ነው፤ ውሃው ወገቡ ላይ ደርሶ፣ ጀልባዋ ፊቱ ላይ ቆማ፣ ምንም አልተለወጠም። እጁን ለምልክት አንሥቶ ሊያወዛውዝ፣ አይ ሊላት ነበር።

«ያየህ!» አለ በላቸው። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በስሙ ከጠራው ስንት ዓመቱ ነው። «ሂድ። ያንተን ነገ እኔ እይዘዋለሁ። ዘሩንም እዘራልሃለሁ።»

«በሰው ገመድ አይያዝም» አሉ ቄስ ማሩ። «ወንድም ለወንድም ካልሆነ።»

«ወንድሜ ነዋ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

በላቸው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አለ። «ከሸሸሁ ወዲህ።»

ቄስ ማሩ አንዴ ጫማ የሌለውን እግር፣ አንዴ ችካሉን አዩ። እሳቸውም ቢሆኑ ፈጠን ብለው ተራምደዋልና። «ይያዝለት» አሉ።

አልጣሽ የገመዱን ጫፍ ከጀልባዋ ሰዎች ተቀብላ ዱላውን ፈታችለት። «እስከ ጥምቀት» አለችው። «አንድ ቀን ብታሳልፍ ግን እኔው ራሴ አልቅሼ እቀብርሃለሁ።»

«አላሳልፍም።»

«ጋቢህን ተሸፈን። ውሃ ላይ ይበርዳል።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ውሃ ላይ ካደርህ ስንት ዓመት ሆነህ!»

ሁለት ሠልጣኞች ብብቱን ይዘው አወጡት። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትል ከዳር በላቸው እንደ ልማዱ «ባሕር ሸሽ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት «ማንን ነው የምትጠራ?» አለችው፤ ዳርቻው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ውሃው ላይ ተንሸራቶ እስከ ጀልባዋ ደረሰ።

ሰገን ውስጡን ልታሳየው ወስዳ ከስክሪኑ ፊት ካለው ወንበር አስቀመጠችው። ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ ውሃ፣ ደግሞ ውሃ። ሠልጣኞቹ ከኋላው ተሰብስበው ምን እንደሚል ይጠብቁ ነበር። ያየህ ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ በላዩ ላይ የነበረው ያ የማይታይ እንስራ፣ ማን እንዳወረደለት እንጃ፣ ወረደ። ራሱ ወደ ደረቱ ዘንበል አለ። እዚያው፣ ዘመኑን ሁሉ ሊመለስበት በተመኘው ውሃ ላይ፣ ከምንም ነገር ፊት ተኛ።

አንዱ ሠልጣኝ ሊቀሰቅሰው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ሰገን። «የሚያርፈው ክፍል ነው።»

እስከ ባሕር ዳር ድረስ አልነቃም።